የሞተችውን ልጅ ማን ሣላት? የጃፓን የመንፈስ የፍቅር ልብ ወለድ በኤአይ ዘመን

ልጅቷ እግር የላትም። ነጭ ልብስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኗል። አንድ እጇን ልብሷ ውስጥ ሸጉጣለች። ከወገቧ ወደ ታች ቀለሙ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ያልተነካ ሐር ብቻ ይቀራል።

የሣላት ማሩያማ ኦክዮ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኪዮቶ ውስጥ ስም ያወጣ ጃፓናዊ ሠዓሊ። ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ የቆየው ማስታወሻ እንደሚለው ልጅቷ ኦዩኪ ትባላለች። ጌሻ፣ ማለትም በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የምታጫውት ባለሙያ፣ ነበረች። ኦክዮ ይወዳት ነበር፤ በወጣትነቷ ተቀጠፈች። አንድ ሌሊት በሕልሙ መጣችበት። መልኳ ከዓይኑ አልሄድ ሲለው ተነሥቶ ሣላት። ጃፓኖች የሙት መንፈስን እግር አልባ አድርገው የመሣል ልማዳቸውን እስከ ዛሬ ከኦክዮ ስም ጋር ያያይዙታል።

ይህ ታሪክ ዛሬ አንዲት ወጣት ቶኪዮ ውስጥ ባቡር ላይ ቆማ ከምታነበው የኪስ ልብ ወለድ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ሠዓሊ አለ፤ ሥዕል አለ፤ የሞተች ፍቅረኛ አለች፤ ሌሊት አለ። ላይት ኖቭል የሚባለው የጃፓን ልብ ወለድ ይህን ቅመም አብዝቶ ይወደዋል። የድሮ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የምትኖር መንፈስ፣ ከሥዕል ወጥታ የምትመጣ ሴት፣ የሞተውን መምህሩን በቀለም የሚጠራ ተማሪ። እኔም እወደዋለሁ።

አሁን ግን በዚህ ዘርፍ ደጅ ላይ አንድ ጥያቄ ቆሟል። ሥዕሉን የሣለው ሰው ሳይሆን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቢሆንስ? ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚወራው በገንዘብና በሕግ በኩል ነው። ሁለቱም አሉበት፤ እመጣባቸዋለሁ። የኔ ሐሳብ ግን ጉዳዩ ከዚያ ቀድሞ ታሪኩን ራሱን ይነካዋል የሚል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጽሐፉ ደጃፍ

ላይት ኖቭልን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጃፓኖች አሳጥረው ራኖቤ ይሉታል። ቃላቱ እንግሊዝኛ ይሁኑ እንጂ ስሙ የወጣው እዚያው ጃፓን ነው፣ በ1990 አካባቢ። መጽሐፉ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ጭውውት ይበዛዋል። ከበድ ያለ የቻይና ፊደል ሲመጣ አነባበቡ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል።

መጽሐፉን ስትከፍቱ ግን መጀመሪያ የምታገኙት ጽሑፍ አይደለም። ባለ ቀለም ሥዕል ነው። ኩቺኤ ይሉታል፤ ቃል በቃል «የአፍ ሥዕል» ማለት ነው። እኛ ደጃፍ እንደምንለው የመጽሐፉ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሥዕል ነው። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ደግሞ እዚህም እዚያም ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች አሉ። የሠዓሊው ስም ከደራሲው ስም ጋር ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ብዙ አንባቢ ደራሲውን ሳያውቀው በሠዓሊው ስም ብቻ መጽሐፉን ያነሣል።

ኩቺኤ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ1890ዎቹ የጃፓን መጽሔቶችና የፍቅር ልብ ወለዶች መጀመሪያቸው ላይ በእንጨት ቅርጽ የታተመ ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ታጥፎ ይገባ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ ደብዳቤ ይዛ ወይም ዝናብ እያየች። ሠዓሊው፣ እንጨት ፈልፋዩና አታሚው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ እንጨት ይፈለፈላል። ካቡራኪ ኪዮካታ የተባለው ትልቅ ሠዓሊ እጁን ያፍታታው በዚህ ሥራ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ገበያ ሥዕሉን ከድሮውም በላይ አስፈላጊ አድርጎታል። ምክንያቱ ኢንተርኔት ነው። በ2004 ሾሴትሱካ ኒ ናሮ የተባለ ድረ ገጽ ተከፈተ፤ «ደራሲ እንሁን» እንደ ማለት ነው። ማንም ሰው ታሪኩን በነፃ ይለጥፍበታል፣ ማንም በነፃ ያነበዋል። በ2016 ትልቁ አሳታሚ ካዶካዋ ካኩዮሙ የተባለ የራሱን ድረ ገጽ ከፈተ። አሳታሚዎች እነዚህን ገጾች ይከታተላሉ። አንባቢ የበዛለትን ታሪክ ወስደው መጽሐፍ ያደርጉታል።

እንግዲህ አስቡት። አንባቢው ታሪኩን በነፃ ጨርሶታል። ታዲያ ለምን ገንዘቡን ያወጣል? ታሪኩ በአርታኢ እጅ ተስተካክሎ ይመጣል፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ግን እስካሁን ፊት ያልነበራት ልጅ ፊት ማግኘቷ ነው። ለወራት በሐሳቡ ብቻ ያያትን ሴት ሠዓሊው ዓይኗን ከፍቶ ይሰጠዋል።

ለጎልማሳ አንባቢዎች፣ በተለይ ለሴቶች፣ የሚታተሙት ተከታታዮች ላይ ነገሩ ይብሳል። ሜዲያዋርክስ ቡንኮ በ2009፣ ፉጂሚ ኤል ቡንኮ በ2014፣ ኦሬንጅ ቡንኮ በ2015 ተጀመሩ። ተፈጥሮን የሚያልፍ ፍቅር፣ የድሮ ዘመን ቤት፣ የጥንት ዕቃ፣ መንፈስ የሚታያት ሴት እዚህ በብዛት ይገኛሉ። እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው ውስጣቸው ሥዕል የለውም። ሽፋኑ ብቻ ነው ያለው። ሁሉንም የሚሸከመው እሱ ነው።

ዓይን ያልተሣለለት ዘንዶ

መንፈስና ሥዕል ለምን እንዲህ ተዋደዱ? ሥሩ ጥልቅ ነው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዣንግ ሰንግዩ የተባለ ቻይናዊ ሠዓሊ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አራት ዘንዶ ሣለ ይባላል። ዓይን ግን አልሣለላቸውም። «ዓይን ከሰጠኋቸው በርረው ይሄዳሉ» አለ። ሰው አላመነውም። አስቸገሩት። ለሁለቱ ዓይን ሲነካላቸው መብረቅ ግድግዳውን ሰነጠቀው፤ ሁለቱ ዘንዶዎች ወደ ሰማይ ወጡ። ዓይን የሌላቸው ሁለቱ ቀሩ። ዛሬም በቻይንኛና በጃፓንኛ አንድን ሥራ ሕያው የሚያደርገውን የመጨረሻ ንክኪ «ለዘንዶው ዓይን መስጠት» ይሉታል።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኮሴ ኖ ካናኦካ የሣለው ፈረስ አለ። ሌሊት ሌሊት ከግድግዳው እየወጣ የገበሬውን ሩዝ ይበላል። ጠዋት ሲያዩት እግሩ ጭቃ ነው። ዓይኑን ፍቀው ሲያጠፉት መውጣቱን ተወ ይላል ታሪኩ።

ይህን ሳነብ የኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ትዝ ይሉኛል። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያየናል። ሰይጣኑና ጨካኙ ግን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። ዓይን እንዲሁ ቀለም ብቻ እንዳልሆነ የኛም ሠዓሊዎች ያውቁ ነበር።

በነዚህ ታሪኮች ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥዕሉ ነፍስ የሚያገኘው ቆንጆ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሰው ስለሣለው ነው። ዣንግ ብሩሹን ሲያነሣ ያውቃል፣ ይፈራል፣ ያመነታል። ኦክዮ ሐዘን ላይ ነው። መንፈሱ ወደ ሥዕሉ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ስለ ሥዕል የሚጻፈው የመንፈስ የፍቅር ልብ ወለድ በሙሉ የቆመው በዚህ አንድ ምሰሶ ላይ ነው።

ካራን፣ ኮሮን

ስለ ላይት ኖቭል ቀላል አማርኛ፣ ይቅርታ፣ ስለ ቀላል ጃፓንኛው ብዙ ይታማል። ተራ ወሬ ይመስላል ይላሉ። ግን የዘመናዊው የጃፓን ስድ ንባብ ራሱ ከወሬ የተወለደ ነው። ያዋለደውም የመንፈስ የፍቅር ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሳንዩቴይ ኤንቾ የሚባል ተረት ነጋሪ ነበር። የኖረው ከ1839 እስከ 1900 ነው። ትራስ ላይ ተንበርክኮ፣ ማራገቢያና መሐረብ ብቻ ይዞ፣ ለብቻው ሙሉ ቤት ሰው የሚያስለቅስ። ከቻይና የመጣ አንድ የቆየ ታሪክ ወስዶ የራሱ አደረገው። ኦትሱዩ የምትባል ልጅ በፍቅር ናፍቆት ትሞታለች። ከሞተች በኋላ ሌሊት ሌሊት የምትወደውን ሺንዛቡሮን ልታይ ትመጣለች። አገልጋይዋ ፒዮኒ አበባ ያለበት ፋኖስ ይዛ ከፊት ትቀድማለች።

የጃፓን መንፈስ እግር የለውም ብለናል። ኤንቾ ግን የኦትሱዩን መምጣት የሚያሰማው በእንጨት ጫማ ድምፅ ነው። ካራን፣ ኮሮን። ካራን፣ ኮሮን። አድማጩ ምንም ነገር ሳያይ ፀጉሩ ይቆማል። ጎረቤት በቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ ሺንዛቡሮ ያቀፈው አጽም ነው። ቤቱ ላይ ክታብ ይለጠፋል። ልጅቷ መግባት አቅቷት ውጭ ቆማ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ጎረቤትየው በመቶ ሪዮ ወርቅ ተገዝቶ ክታቡን ያነሣዋል። ጠዋት ሺንዛቡሮ ሞቶ ይገኛል።

በ1884 ይህ ታሪክ ኤንቾ ሲናገር በአጭር ጽሕፈት ተገልብጦ ታተመ። ሰው እንደሚናገረው የተጻፈ መጽሐፍ ያኔ ብርቅ ነበር። ወጣቱ ፉታባቴይ ሺሜይ እንዴት ልጻፍ ብሎ መምህሩን ትሱቦኡቺ ሾዮን ሲጠይቀው «ኤንቾ እንደሚያወራው ጻፍ» አለው። ፉታባቴይ በ1887 ማሳተም የጀመረው ልብ ወለድ ዛሬ የጃፓን ዘመናዊ ልብ ወለድ በር ከፋች ይባላል።

ኤንቾ በልጅነቱ ሥዕል ሊማር ታላቁ ኩኒዮሺ ዘንድ ገብቶ ነበር። አልቆየም። ሥዕል መውደዱ ግን አልለቀቀውም፤ የመንፈስ ሥዕሎችን ይሰበስብ ነበር። ወደ 50 የሚጠጉት ዛሬ ቶኪዮ፣ ያናካ ሰፈር ውስጥ ባለው ዜንሾአን ቤተ መቅደስ ይገኛሉ። እሱም የተቀበረው እዚያው ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሥዕሎቹ ለሕዝብ ይዘረጋሉ። ኦክዮ ሣለው የሚባል አንድ እግር አልባ ሴትም በመካከላቸው አለች።

ማሽኑ ከየት ተማረ?

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። 2022 ነሐሴ ላይ ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው ሥዕል አምራች ኤአይ ለሁሉም ተለቀቀ። በዚያው ወር ሚሚክ የተባለ የጃፓን አገልግሎት ወጣ። የአንድን ሠዓሊ ሥራዎች ታስገባለህ፣ በእሱ አሣሣል አዲስ ሥዕል ይሰጥሃል። ሠዓሊዎች ተነሡበት፤ በማግስቱ ቆመ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ኖቬልኤአይ የጃፓን ካርቱን አሣሣልን ለይቶ የሚያውቅ ማሽን አወጣ።

ኤአይ በተለይ በዚህ አሣሣል የጎበዘው ለምንድን ነው? መልሱ ያሳዝነኛል። ኖቬልኤአይ የተማረው ዳንቡሩ ከተባለ የሥዕል ክምችት ነው። እዚያ ያሉትን ሥዕሎች በአብዛኛው የለጠፉት አድናቂዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሠዓሊው ሳይፈቅድ የተለጠፉ ናቸው። አድናቂዎቹ ለዓመታት እያንዳንዱን ሥዕል በትዕግሥት ሲሰይሙ ኖረዋል። ረጅም ፀጉር። ኪሞኖ። እንባ። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት። የሚወዱትን ሥዕል በቀላሉ ለማግኘት ብለው ነው ያደረጉት። በፍቅር የተሠራው ያ ሥራ ማሽኑ የትኛው ቃል ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚሄድ የተማረበት ፊደል ገበታ ሆነ።

ፒክሲቭ፣ የጃፓን ሠዓሊዎች ትልቁ የኢንተርኔት ሰፈር፣ በዚያው ጥቅምት በኤአይ የተሠሩ ሥዕሎች ምልክት እንዲኖራቸው አደረገ። በ2023 ደግሞ ፋንቦክስ በተባለው የድጋፍ መስመሩ ላይ የኤአይ ሥዕል ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬው ሁሉንም ይነካል። በእጃቸው የሠሩ ሠዓሊዎችም «ኤአይ ነው» ይባላሉ። ንድፋቸውን፣ የሠሩበትን ቪዲዮ እያወጡ ንጹሕነታቸውን ለማስረዳት ይገደዳሉ። ይህ በጣም ያማል። ጣትህ እስኪደነዝዝ ሠርተህ ጣት እንዳለህ አስረዳ ስትባል።

ሕጉስ? የጃፓን የቅጂ መብት ሕግ በ2018 ተሻሽሎ 2019 ጥር 1 ቀን ሥራ ላይ ሲውል አንቀጽ 30-4 ማሽን ለትንተና ብሎ የሰው ሥራ እንዲያነብ ፈቀደ፤ ለንግድም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድም ቢሆን። ገደብ አለው፤ የባለ መብቱን ጥቅም ያለ አግባብ የሚጎዳ ከሆነ አይሠራም። 2024 መጋቢት ላይ የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ማብራሪያ አወጣ። አሣሣል ብቻውን ሐሳብ ስለሆነ በሕግ አይጠበቅም። የአንድን ሰው የተወሰኑ ሥራዎች መልሶ ለማውጣት ታስቦ ማሽን ማስተማር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወጥቶ የታየው ሥዕል ከነባሩ ጋር ከተመሳሰለና ከእሱ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ቅጂ ያስጠይቃል።

ሌላው ጥያቄ የወጣው ሥዕል የማን ነው የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ቢሮ 2023 የካቲት ላይ በአንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላይ ሲወስን ጽሑፉንና አደራደሩን የደራሲዋ አለ፤ በማሽን የወጡትን ሥዕሎች ግን ለማንም አልሰጠም። ጃፓን ውስጥ 2025 ኅዳር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ሰው በኤአይ ያወጣውን ምስል ሌላ ሰው ሳያስፈቅድ መጽሐፍ ሽፋን አድርጎታል በሚል የቺባ ፖሊስ ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ መራ። ምስሉን ያወጣው ሰው ከ20,000 በላይ ትእዛዝ ሰጥቼ ነው ያገኘሁት ብሏል። የክርክሩ መነሻ የመጽሐፍ ሽፋን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ይህ ለአሳታሚ ቀልድ አይደለም። የተሳካለት ላይት ኖቭል ማንጋ (በሥዕል የሚነገር መጽሐፍ) ይሆናል፣ አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ይሆናል፣ አሻንጉሊት ይሆናል። አኒሜው ላይ የሠዓሊው ስም የገጸ ባሕርያቱ የመጀመሪያ ንድፍ ባለቤት ተብሎ ይጻፋል። የልጅቷ ፊት ባለቤት ከሌለው ያ ሁሉ ሰንሰለት ምን ላይ ይታሠራል?

ምስኪኑ ደራሲ

በሌላ በኩል የሚነሣው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ አከብረዋለሁ። አንድ ወጣት ደራሲ ሌሊት ሌሊት ጽፎ ጨርሷል። አሳታሚ አላነሣውም። በራሱ ሊያሳትም ነው። ለሠዓሊ የሚከፍለው ቤሳ የለውም። ያለ ሽፋን ደግሞ ማንም አይነካለትም። ማሽኑ በደቂቃ ሽፋን ይሰጠዋል። ይህን ሰው ሌባ ብዬ ልጠራው አልችልም። «በኤአይ የተሠራ» ብሎ በግልጽ ከጻፈ አንባቢው አውቆ ይወስናል።

አንዳንዶች ደግሞ ከጃፓን ባህል ራሱ ይጠቅሳሉ። ትሱኩሞጋሚ የሚባል እምነት አለ። መቶ ዓመት የሞላው ዕቃ ነፍስ ያወጣል። ጃንጥላው፣ ፋኖሱ፣ ማንቆርቆሪያው ሳይቀር። ዕቃ ነፍስ ካወጣ ማሽንስ ለምን አያወጣም? ይላሉ።

የድሮውን ታሪክ ግን አንብቡት። እነዚያ ዕቃዎች ነፍስ ያወጡት ዘመናቸውን ሙሉ በሰው እጅ ሲያገለግሉ ኖረው ነው። የተነሡበትም ምክንያት አለ። ቤት ሲጸዳ አውጥተው ጣሏቸው። ስንት ዓመት አገልግለን እንዲህ እንጣል? ብለው ተቆጡ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማሽኑን አላየውም። የማየው ሠዓሊዎቹን ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ያለው አሳታሚ ይህን ዘርፍ በማሽን ሽፋን ሲያወጣ ዝም ማለት የለብንም ባይ ነኝ። ስለ ምግብ ማብሰያ መጽሐፍ ብናወራ ምናልባት እንደራደር ነበር። እዚህ ግን ታሪኩ የሚነግረን አንድ ሰው የሚወዳትን ልጅ በእጁ ከሞት ስለ መጥራቱ ነው። አንባቢዋ ሽፋኑን አይታ «ይህን የሣለ ሰው አዝኖ ነበር» ብላ ታምናለች። ያ እምነት ከታሪኩ አይነጠልም። ከሽፋኑ ጀርባ ማንም ከሌለ የተታለለችው በዋናው ነገር ነው።

አሁን ወደ ካቡራኪ ኪዮካታ ልመለስ። አባቱ ጋዜጣ አሳታሚ ነበር፤ የኤንቾ ወዳጅ። ኪዮካታ ተረት ነጋሪውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በወጣትነቱም አብሮት ተጉዟል። ኤንቾ በ1900 ሞተ። ኪዮካታ ከመጽሐፍ ሥዕል ወጥቶ ትልቅ ሠዓሊ ሆነ። በ1930፣ ኤንቾ ከሞተ 30 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ ቶኪዮ በሚገኘው ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ኤንቾ ትራሱ ላይ ተንበርክኳል። ጎኑ ሻማ ይነድዳል። የፈላ ውኃ የያዘ ስኒ በሁለት እጁ ይዟል። ገና አልተናገረም። ዓይኑን ቀና አድርጎ ወደ ተመልካቹ ያያል።